መገበ፣ ነፋ፣ ረጋ

ጨጓራ ሁለት ቤት አለው፤ ሥጋ ቤትና ሐኪም ቤት። ሥጋ ቤት ለዱለት የሚከተፍ የከብት ሆድ ዕቃ ነው፤ ቢያጥቡት ቢያጥቡት አልጸዳም የሚል። ሐኪም ቤት ሲደርስ የበሽታ ስም ይሆናል። «ጨጓራ አለብኝ» ይላል ታማሚው፤ ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል። «የት ጋ?» ሲባል ግን እጁን የሚያሳርፈው ብዙ ጊዜ ከእምብርቱ በታች ነው። ያ የጨጓራ ሰፈር አይደለም፤ የአንጀት ነው።

የሕመሙም ጠባይ ሌላ ነው። ይቆርጠዋል፣ ይነፋዋል፤ ሲጸዳዳ ቀለል ይለዋል ወይም ይብስበታል። አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ አንድ ሰሞን ያስቀምጠዋል። ደም ይመረመራል፣ ሰገራ ይታያል፣ ካሜራ ይገባል፤ ውጤቱ «ምንም የለብህም» ነው። የእንግሊዝኛው ሕክምና ይህን ሕመም በሦስት ፊደል አይ ቢ ኤስ ይለዋል። አማርኛ ገና የጸደቀ ስም አላወጣለትም። የአንጀት ቃል ግን ቸግሮት አያውቅም፤ ቃላቱን እስከ ግንዳቸው የተከተለ ሰው ስለ አያያዙም የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ያያል።

የፈረንጆቹ ስም ራሱ ቤት ሲቀያይር የኖረ ነው። ዊልያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ «ሚዩከስ ኮላይቲስ» ብሎ ገልጾታል፤ ሰገራ ላይ የሚታየውን ዝልግልግ ይዞ። «አይቲስ» የሚለው ቅጥያ ብግነትን ያመለክታል፤ ብግነት ግን አልነበረም። ቀጥሎ «ስፓስቲክ ኮሎን» መጣና ጥፋቱን በጡንቻው ላይ ጣለ። «ነርቨስ ኮሎን» ደግሞ በታማሚው ጠባይ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1944 ፒተርስና ባርገን የተባሉ ሐኪሞች ለጽሑፋቸው የሰጡት ርእስ፣ «ኢሪታብል ባወል ሲንድረም»፣ ነው ዛሬ በሦስት ፊደል የሚጠራው።

መጨረሻ ላይ ያለው «ሲንድረም» ግሪክ ነው፤ «ሲን» አብሮ፣ «ድሮሞስ» ሩጫ። አብረው የሚሮጡ ምልክቶች ማለት ነው። ያው ሩጫ «ድሮሜደሪ» በሚለው የባለ አንድ ሻኛው ግመል ስም ውስጥ አለ። ሐኪሙ «ሲንድረም» ባለ ቁጥር አንድ ግመል ከኋላው እየሮጠ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለው «ኢሪታብል» ግን ለተርጓሚዎቻችን ወጥመድ ሆኗል። «የአንጀት መቆጣት» ይሉታል። ቁጣ በግእዝ ቍጥዓ ነው፤ ግሱ ተቈጥዐ። በአማርኛ ዐይኑ ዐ ተዋጠና ተቆጣ ሆነ። እስከዚህ መልካም። ነገር ግን በአማርኛ ቁስልም ይቆጣል፤ ቀልቶ፣ አብጦ ሲያተኩስ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ስለዚህ «የአንጀት መቆጣት» የሰማ ሰው የሚገባው የቆሰለ አንጀት ነው። ብግነት የሚለውም ከዚያ አያድነንም፤ በገነ ማለት በንዴት ነደደ ማለት ነውና። ሁለት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ንዴት ውስጥ ወደቁ። ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት የአንጀት በሽታዎች በእርግጥ ያበግናሉ፣ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ። አይ ቢ ኤስ ግን አያቆስልም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ቋንቋው ግን አልለየውም።

እኔ ብጠየቅ ቃሉን ከሆድ እወስደው ነበር። ለዚያ ግን የሆድን ቤተሰብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግእዝ ሆድን ከርሥ ይላል። ዐረብኛው ከሪሽ፣ ዕብራይስጡ ካሬስ፣ አካድኛው ከርሹ፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በአማርኛ ከርሥ ከሰው ገላ ወጥቶ መሬት ገባ፦ ከርሰ ምድር፣ የከርሰ ምድር ውኃ። ለሰው የቀረለት «ከርሳም» የሚል ስድብ ነው። ትግርኛ ደግሞ ሆድን ከብዲ ይላል። ይህ ቃል በዐረብኛ ከቢድ፣ በዕብራይስጥ ካቬድ ሲሆን ጉበት ነው፤ ከባድ ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው። አንጀት በግእዝ አማዑት ነው፤ በዐረብኛ አምዓእ፣ በዕብራይስጥ ሜዓይም። ለጠቅላላው ግን ግእዝ ንዋየ ውስጥ ይላል፤ የውስጥ ዕቃ። የእኛ «ሆድ ዕቃ» ያንኑ ሐሳብ የያዘ ነው። አያቶቻችን አንጀትን የጓዳ ንብረት አድርገው ነበር የሚያስቡት።

የጓዳው ንብረት ግን የሚያስብና የሚያዝን ንብረት ነው። ዕብራውያን ሲራሩ ሜዓይማቸው ይላወሳል። በግሪኩ ወንጌል ኢየሱስ ለሕዝቡ አዘነላቸው የሚለው ግስ የተሠራው «ስፕላንክና» ከሚለው የሆድ ዕቃ ስም ነው፤ ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርዱት ነርቮች ዛሬም በሕክምና ይህንኑ ስም ይዘዋል። አማርኛ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አንጀቴን በላኝ፣ አንጀቴ አረረ፣ አንጀቴ ራሰ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ፈራ። የተጣሉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ናቸው። ምሥጢርም የሚቀመጠው እዚያው ነው፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

ይህን የቋንቋ ቅኔ ነው ብሎ ማለፍ ድሮ ይቻል ነበር። የአንጀት ግድግዳ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች እንዳሉት፣ በሰውነታችን ያለው ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚሠራው እዚያ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ግን አይቻልም። ይህን ሕመም የሚለዩበትን መስፈርት የሚያወጣው የሮም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 አራተኛ እትሙን ሲያወጣ ይህ ሕመም ያለበትን የሕመሞች ቤተሰብ ስም ለወጠ፤ «የአንጀትና የአንጎል መስተጋብር መታወክ» አለው። መስፈርቱም የተለካ ነው፦ ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሆድ ሕመም፣ ከመጸዳዳት፣ ከሰገራው ብዛት መለወጥና ከመልኩ መለወጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ፣ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር የሆነው። «አንጀቴ አረረ» ይል ለነበረ ሕዝብ አዲስ የሆነው መስፈርቱ እንጂ ስሙ አይደለም።

አሁን ወደ ቃሌ። ባሰ የሚለው ግስ በግእዝ ብእሰ ነው፤ ከፋ ማለት። ከዚህ «ሆድ ባሰኝ» ይመጣል፤ ከዚያም ሆደ ባሻ። ሆደ ባሻ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጡም አይደለም። ሌላው የማይሰማውን ትንሽ ቃል ጎልቶ የሚሰማው፣ በትንሽ ነገር የሚከፋው ነው። የዚህ ሕመም አንጀት ልክ እንዲህ ነው። በአንጀት ውስጥ ፊኛ እየነፉ የለኩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ታማሚዎች ሌላው ሰው ገና ምንም በማይለው ልክ ሲያማቸው አይተዋል። አየሩ የበዛ አይደለም፤ ስሜቱ የበዛ ነው። «ሆደ ባሻ አንጀት» ከ«የተቆጣ አንጀት» ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ማንም አይቀበለኝ ይሆናል፤ ይሁን።

ምልክቶቹን እንያቸው። ቁርጠት ከቆረጠ ነው። የግእዙ ቀረጸ ዘመድ ያደርጉታል፤ ጸ በአማርኛ ጠ የመሆን ልማድ አለውና፦ ጾመ ጦመ፣ ጸበል ጠበል። ቀረጸ ራሱ በግእዝ መልኩ ተመልሶ ገብቶ ቅርጽና ቀራጺ ሰጥቶናል። በዐረብኛ ቀረጸ ማለት ቆነጠጠ ነው፤ ለሆድ ሕመም ይህኛው ፍቺ ይበልጥ ይስማማል። ከአማርኛው ቆረጠ የተወለዱት ደግሞ ብዙ ናቸው፦ ቆራጥ፣ ቁርጠኛ፣ ቀረጥ፣ ቁርጥ ዋጋ። ቁርጥ ሥጋና ቁርጠት አንድ እናት እንዳላቸው የቅዳሜ ምሳ ተመጋቢ ከቋንቋ ሊቅ ቀድሞ ያውቃል።

ተቅማጥ የጨዋ ስም ነው። ነገሩን አይናገርም፤ አኳኋኑን ብቻ ይናገራል። ተቀመጠ፣ አስቀመጠ፣ ተቅማጥ፤ «አስቀመጠኝ» ማለት ሄጄ እንድቀመጥ አደረገኝ ማለት ነው። ግሪኩ «ዲያሪያ» ይህን ያህል አያፍርም፤ ቁልጭ አድርጎ «መካከል ለመካከል መፍሰስ» ይላል። ስለ መቀመጥ ካነሣን፣ ግእዝ ለተቀመጠ ነበረ ይላል፤ መቀመጫው መንበር ነው። በአማርኛ መ ወደ ወ ተለወጠና ወንበር ሆነ። ይህቺን የመና የወ ለውጥ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወዲያው ትመለሳለች።

ድርቀትን በአጭሩ እናልፈዋለን። ደረቅ፣ ድርቅ፣ ድርቅና፤ ሁሉም ያው ውኃ ማጣት ነው።

መንፋት ግን ገበያ ነው። በግእዝ ነፍኀ ማለት እፍ አለ፣ ነፋ ማለት ነው፤ ዐረብኛው ነፈኸ፣ ዕብራይስጡ ናፋሕ። ከዚህ ግስ የአንጥረኛው መሣሪያ ምንፋኅ ይወጣል፤ በአማርኛ መው ወ ሆነና ወናፍ ተባለ። የተነፋ ሆድ ወናፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሥሩ አንድ ነው። ከላይ ለሚወጣው አየር ደግሞ ግእዝ ጐሥዐ ይላል፤ መዝሙረ ዳዊት 44 የሚጀምረው በዚህ ግስ ነው፤ እዚያ የሚያገሳው ልብ ነው፣ የሚወጣውም መልካም ቃል። በአማርኛ አንበሳም ያገሣል፣ የጠገበ ሰውም ያገሣል። ከታች የሚወጣውን አየር ስም አንባቢ ያውቀዋል፤ ሥርወ ቃሉን ለሌላ ቀን።

ግእዝ ነፈየ የሚባል ሌላ ግስ አለው፤ በወንፊት ነፋ ማለት ነው። ወንፊት ራሱ መንፊት ነበር፤ ያው የመና የወ ለውጥ። ነፍኀ ኀን ጣለ፣ ነፈየ የን ጣለ፤ ሁለቱም በአማርኛ ነፋ ሆነው ተገናኙ። እነሆ ዛሬ «ሆዴ ነፋኝ» እና «ዱቄቱን ነፋሁት» በአንድ ድምፅ ይነገራሉ። ይህ የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የለበትም። የአይ ቢ ኤስ የአመጋገብ ሕክምና ግን ከዚህ አጋጣሚ ውስጥ የወጣ ይመስላል፤ የሚነፋውን በወንፊት መንፋት ነው።

ወንፊቱ የተሠራው በአውስትራሊያ ነው፤ በሜልቦርን ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ። እነ ፒተር ጊብሰንና ሱዛን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ2005 «ፎድማፕ» የሚል ምሕጻረ ቃል አወጡ። ሲፈታ፦ የሚቦኩ ኦሊጎሳካራይዶች፣ ዳይሳካራይዶች፣ ሞኖሳካራይዶች እና ፖሊዮሎች። አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ትንሹ አንጀት በደንብ አይመጥጣቸውም፤ ውኃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያቦካቸዋል፣ ጋዝ ይሆናሉ። ጤነኛም ሰው ላይ ይህ ይሆናል፤ ሆደ ባሻው ግን ይታመምበታል።

ሳካራይድ ዘመዳችን ነው። ሳንስክሪት ሻርከራ ይላል፤ ጠጠር፣ አሸዋ ማለት ነው። ወደ ግሪክ ሄዶ ሳክሃሮን፣ ወደ ፋርስና ዐረብ ሄዶ ሸከርና ሱከር፣ ወደ ጣሊያን ተሻግሮ ዙኬሮ ሆነ፤ እኛ ዘንድ ስኳር። በቤተ ሙከራ ሳካራይድ፣ በሱቅ ስኳር፤ ሁለቱም ያው የሕንድ ጠጠር። «ፍሩክታን» ግን አያታልል። ፍሬ ይመስላል፤ ፍሬ አይደለም። ሥሩ ላቲኑ ፍሩክቱስ ነው፤ ተደሰተ፣ ተጠቀመ ከሚል ግስ። የእኛ ፍሬ ከዕብራይስጡ ፔሪ ጋር የሚሄድ የራሱ ሴማዊ ቃል ነው። መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ ይህን ሕግ በመንፋት ላይም አይተነዋል።

ፍሩክታን በስንዴ፣ በገብስ፣ ከሁሉ በላይ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ አለ። ግእዝ ሽንኩርትን በጸል ይለው ነበር፤ እንደ ዐረብኛውና እንደ ዕብራይስጡ። አማርኛ በጸልን ትቶ ከትግርኛው ሽጉርቲ ጋር በሽንኩርት ሄደ። ወጣችን የሚጀምረው በቁሌት ነው፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ተቁላልቶ እስኪጠፋ። ከዐይን ይጠፋል እንጂ ፍሩክታኑ እዚያው ነው። ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ በስብ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ሽንኩርት በዘይት ጠብሶ ማውጣት ጣዕሙን ሰጥቶ ነፊውን ያስቀራል፤ ከውኃ ጋር ሲበስል ግን ቢያወጡትም ወደ መረቁ ይገባል። ንጥር ቅቤ ይህን ብልሃት ከጥንት ያውቀዋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ አብረው ይነጠራሉ፤ ውኃው ተንኖ ያልቃል፣ ዝቃጩ ይጠለላል፣ ሽታው ከቅቤው ጋር ይቀራል። አነጠረ ለወርቅም ለቅቤም የምንለው ግስ ነው፤ የዘመኑ የሥነ ምግብ መጽሐፍም «ንጥረ ነገር» ሲል የተዋሰው ከዚሁ ነው።

ከጥራጥሬ ጋር ነገሩ ይከብዳል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፤ ሽሮን ሽሮ፣ ጾምን ጾም የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። የያዙት ኦሊጎሳካራይድ ለማንም ሰው አንጀት አይፈጭም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። በጾም ወራት ሆዴ ይነፋል የሚል ሰው እምነቱ አልጎደለም፤ ሽሮው በዝቷል። ማርና ማንጎ ትርፍ ፍሩክቶስ አላቸው፣ ወተት ላክቶስ፣ ስኳር የለሽ ማስቲካ ፖሊዮል። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ከወንፊቱ በሰላም ያልፋሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ ግሉተን አንጀቱን ለሚጎዳው ለሴሊያክ ታማሚ ትልቅ ነገር ነው። ለአይ ቢ ኤስ ግን ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው ግሉተን አይደለም፤ በኦስሎ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ግሉተን ይጎዳናል የሚሉ ሰዎችን ይበልጥ ያመማቸው ፍሩክታኑ ሆኖ አግኝቶታል።

እዚህ ላይ ነው መገበ የሚያስፈልገን። ዛሬ መገበ ማለት አበላ ነው። በግእዝ ግን አስተዳደረ፣ ሾመ፣ ጠበቀ፣ እያዘጋጀ ሰጠ ማለትም ነው። መጋቢ የቤት፣ የደብር፣ የግምጃ ቤት ኀላፊ ነው፤ መጋቤ ሐዲስ፣ መጋቤ ምሥጢር የሚሉት ማዕረጎች ማዕድ አያቀርቡም። የመጋቢትን ወር ስም ከዚሁ የሚያወጡ ሊቃውንት አሉ። ምግብ ስለዚህ በሥሩ አስተዳደር ነው፤ ሳህን ላይ ያለው ነገር ኋላ የመጣ ፍቺ ነው። ከምግባር ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ ከገብረ ነው። ግሪኩም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «ዳየት» የሚለው ቃል ምንጭ ዲያይታ ሲሆን የአኗኗር ሥርዐት ማለት ነበር፣ የክብደት መቀነሻ ሰሌዳ ሳይሆን።

ፎድማፕን የከለከለ ሁሉ አልመገበም። ሥርዐቱ ሦስት እርከን አለው። መጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት የሚነፉትን በሙሉ መቀነስ። ቀጥሎ አንድ በአንድ፣ ቡድን በቡድን መልሶ ማስገባትና ሆዱን መጠየቅ። በመጨረሻ ያልተስማማውን ብቻ ትቶ በተቀረው መኖር። ብዙ ሰው በመጀመሪያው እርከን ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ሽንኩርት እንደ ኀጢአት፣ ዳቦ እንደ መርዝ ይሆንበታል። ያ ጾም እንጂ ምግብ አይደለም። ረዥም ክልከላ የአንጀት ባክቴሪያን ይለውጣል፣ ሰውንም ከማዕድ ይለያል። ለዚህ ነው የሥነ ምግብ ባለሙያ አብሮ ይኑር የሚባለው።

የሚጨመርም አለ። የሚሟሟ አሰር ይረዳል፤ ፉርሽካ ግን ያባብሳል። በዓለም ገበያ ታዋቂው ፕሲሊየም ነው፤ ግሪኩ «ፕሲላ» ቁንጫ ነው፣ ዘሩ ቁንጫ ስለሚመስል። ፋርሶች ያንኑ ዘር ኢስፓጉል አሉት፤ የፈረስ ጆሮ ማለት ነው ይላሉ። አንዱ ቁንጫ አየ፣ አንዱ ፈረስ። ለእኛ ተልባ አለን። የብሪታንያው የጤና መመሪያ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሚነፋቸው ሰዎች በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ ሊረዳ ይችላል ብሏል፤ ከበቂ ውኃ ጋር ይሁን። እናቶቻችን ለጨጓራ ያሉት ተልባ እንግዲህ ለአንጀት ሆኖ ተገኘ። ያው መመሪያ ሻይና ቡና በቀን ከ3 ስኒ አይብለጥ ይላል። ማን እንደ ነገራቸው እንጃ! አቦል ከዐረብኛው አወል፣ አንደኛ፤ ቶና ከሣኒ፣ ሁለተኛ፤ በረካ በረከት ነው፣ ከእርሱ ወዲያ የሚቆጠር የለም። ስኒም የዐረብኛው ሲኒ ነው፤ ቻይናዊ ማለት።

የባህል መድኃኒት የሚለው ሐረግ ራሱን ያጋልጣል። ባህል በግእዝ ብህለ፣ አለ ከሚለው ነው፤ አባባል፣ የተባለ ነገር። «ይባላል» የሚለውም ከዚያው ነው። መድኃኒት ደግሞ ከድኅነ፤ ደኅና ዋላችሁ፣ ደኅንነት፣ መድኃኔ ዓለም ሁሉ እዚህ ናቸው። ስለዚህ «የባህል መድኃኒት» በሥሩ «ያድናል ተባለ» ማለት ነው። አንዳንዱ የተባለው ተፈትኖ አልፏል። የፔፐርሚንት ዘይት የአንጀትን ጡንቻ ያላላል፤ ሜንቶሉ ካልሲየም ወደ ጡንቻው የሚገባበትን በር ስለሚዘጋ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያው ደግፎታል። ግን ናና ቆርጦ ሻይ ውስጥ መጣል ያንኑ አይደለም። ናና፣ ከዐረብኛው ነዕናዕ፣ በጓሯችን የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ ስፒርሚንት ነው፤ ሜንቶሉ እጅግ ጥቂት ነው። የተፈተነው አንጀት ሲደርስ እንዲከፈት የተሸፈነ እንክብል ነው፤ ሽፋን የሌለው ቃር ያመጣል።

ዝንጅብል ከሳንስክሪት ሽሪንገቬራ ተነሥቶ በዐረብኛው ዘንጀቢል በኩል የደረሰን መንገደኛ ነው። ማቅለሽለሽን ይከላከላል፤ ለዚህ ሕመም ግን በትንሽ ጥናት ተፈትኖ ከማስመሰያ መድኃኒት አልበለጠም። ጤና አዳም ስሙ ያማልላል፤ ጤና ከግእዙ ጥዒና፣ አዳም ያው አዳም። ቡና ውስጥ ቅጠሏን መጣል የተለመደ ነው፤ ጨምቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሕፀንን ስለሚያነቃቃ ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል። አኩፓንክቸር እ.ኤ.አ. በ2012 በተሰበሰቡ ጥናቶች ከይስሙላው መርፌ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እነዚህን ሁሉ «ተጓዳኝ ሕክምና» የሚለው ስም ወድጄዋለሁ። ጓድ፣ ጓደኛ፣ ተጓዳኝ፤ አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካ አይደለም። «አማራጭ ሕክምና» የሚሉት ግን ቃሉንም ታማሚውንም ያሳስታሉ።

የቀረው ረጋ ነው። በግእዝ ረግዐ፤ ፈሳሽ የነበረው ጠጠረ፣ ጸጥ አለ። ዕብራይስጡ ራጋዕ ማረፍ ነው። በአማርኛ ወተት ሲረጋ እርጎ፣ ሰው ሲረጋ እርጋታ ይሆናል። «ረጋ ያለ ሰው» ስንል ያልተናጠ ወተት እያደነቅን ነው። ሁለቱንም ልጆች ሐኪሞች መርምረዋል። እርጎ፣ ማለትም ፕሮባዮቲክ፣ ክርክር ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2021 አንመክርም ሲሉ ብሪታንያውያኑ በዚያው ዓመት እስከ 12 ሳምንት ሞክሩት፣ ካልረዳ ተዉት አሉ። እኔ ወደ ብሪታንያውያኑ አደላለሁ፤ እርጎ ቢያንስ ምሳ ነው።

እርጋታ ግን ከእርጎ የተሻለ ማስረጃ አለው። ፒተር ሆርዌል በማንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ላንሴት ላይ ባወጣው ጥናት፣ በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸውን 30 ታማሚዎች ከፍሎ ግማሾቹን በሰመመን ሕክምና፣ ሂፕኖቴራፒ በሚሉት፣ አክሞ ጉልህ ለውጥ አየ። ሰመመን እንቅልፍ አይደለም፤ ግሪኩ «ሂፕኖስ» ነው እንቅልፍ ብሎ ያሳሳተው። ታማሚው ነቅቶ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ አንጀቱ እንደ ረጋ ወንዝ ሲፈስ ያስባል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ዮጋን ከፎድማፕ ወንፊት ጋር ሲያወዳድር ሁለቱም ረዱ፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ዮጋ በሳንስክሪት ቀንበር ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ መጥመድ። ለእርጋታ የተጠመደ በሬ አይመችም ያለ ካለ ቅር አይለኝም፤ ጸሎትም፣ የእግር ጉዞም፣ ቀስ ያለ ትንፋሽም ወደዚያው ያደርሳሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሕመሙ በእርግጥ አይ ቢ ኤስ ሲሆን ነው። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ሳይፈልጉት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ሕመሙ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ከጀመረ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ወይም ሴሊያክ ካለ፣ ወንፊቱንም ተልባውንም አቆይታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሴሊያክ የደም ምርመራም ስንዴና ገብስ እየበላችሁ እንጂ ካቆማችሁ በኋላ በትክክል አያሳይም፤ ስለዚህ ዳቦውን ሳትተዉ ተመርመሩ።